ከአሮጌዎቹ መሐል የደበቅኋት ብር

ባለፈው ሰኔ የመካነ ሰላም ግምጃ ቤት የክፍያ መስኮት ተዘጋ። ክፍያው ሁሉ ከእንግዲህ በሌላ መሥሪያ ቤት በኩል ይሆናል ተባለና እኔና ወንበሬ ትርፍ ሆንን። ወንበሩን ትምህርት ቤቱ ወሰደው፤ እኔን ግን የሚወስድ ጠፋ። ስለዚህ በአርባ ስምንት ዓመቴ፣ አንድም ጥርስ ሳይወልቅብኝ ጡረተኛ ተብዬ፣ ዛሬ ከገበያው ዳር ጨውና የባትሪ ድንጋይ እሸጣለሁ። ስለ ደመወዝና ስለ ጡረታ ወረቀት አልጽፍም፤ ደመወዙ ትንሽ ነበር፣ ወረቀቱ ብዙ ነው።

የምጽፈው በእጄ ስላለፈው ብር ነው። በሃያ ሁለት ዓመት የከፈልሁት ብር በመስመር ቢነጠፍ ከመካነ ሰላም ተነስቶ፣ ባሕሩን ተሻግሮ፣ መካ ደርሶ፣ ሐጁን ጨርሶ ይመለሳል። ከዚያ ሁሉ መሐል ግን እንቅልፍ የነሳችኝ አንዲት ባለ አንድ ብር ብቻ ናት። ከወግዲ የመጣ አንባቢ ካለ ከዚህ በታች ያለውን ባያነብልኝ ደስ ይለኛል፤ ካነበበም አገሩ ሲገባ አፉን ይያዝልኝ። ምክንያቱን ሲደርስበት ያውቀዋል።

ሥራ የጀመርሁት ማሻ ነው። የማሻው ሹሜ ቆጠራ እንዳይሳሳቱ አጠገባቸው ሰው እንዳይተነፍስ ያዝዙ ነበር፤ በደመወዝ ቀን ግማሾቻችን ትንፋሽ አጥሮን እንወድቅ ነበር ብል ትንሽ ብቻ ነው የጨመርሁት። ዘጠኝ ዓመት እዚያ ቆይቼ ወደ አቀስታ ተዛወርሁ። የአቀስታን ብርድ የማያውቅ ሰው ስለ ብርድ ባያወራ ይሻለዋል። የቀለሙን ብልቃጥ ጠዋት ጠዋት ብብቴ ውስጥ አድርጌ እንደ ዶሮ ካልታቀፍሁት ፊርማ የሚባል ነገር አይወጣም ነበር። የአቀስታው ሹም ብርዱን ሽሽት ዓመቱን ሙሉ ደሴ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ስድስት ዓመት አብረን ሠራን፤ መልካቸውን የማስታውሰው ግን ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው ፎቶግራፋቸው ነው።

በሁለቱም ቦታ ብር ለእኔ ብር ነበር። ዓይኔ የተከፈተው መካነ ሰላም መጥቼ በአቶ ይመር እጅ ስወድቅ ነው።

አቶ ይመር የግምጃ ቤቱ ዋና ገንዘብ ያዥ ነበሩ። ከአባታቸው ዘንድ ቁርአን ሲቀሩ ያደጉ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚስቁ ሰው። የመጀመሪያው ቀን እጄን አገላብጠው አዩና ጥፍሬን እንድቆርጥ አዘዙኝ። ቆርጬ ስመለስ በሳሙና ታጠብ አሉኝ። ታጥቤ ስመለስ አድርቅ አሉኝ። አድርቄ ስመለስ ደግሞ መንገድ ላይ ቅቤ የተቀባ ሰው ጨብጬ እንደሆነ ጠየቁኝ። በር ላይ አንዲት እናት ሰላም ብያለሁ ስላቸው እንደገና ታጠብሁ። ጣቱን በምራቅ እያራሰ የሚቆጥር ሰው ሲያዩ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር፤ ለእሳቸው ያ ሰው የተፋው ሌማት ላይ ነው።

እኔ ስደርስ አዲሱ የብር ኖት መምጣት ጀምሮ ነበር። ሣጥኑ ከደሴ በበቅሎ፣ በፖሊስ ታጅቦ ይመጣል። አቶ ይመር «ቢስሚላህ» ብለው ማኅተሙን ይፈቱና አንዱን እስር ወደ ጆሯቸው አስጠግተው ጠርዙን በአውራ ጣታቸው አንዴ ብቻ ይለቁታል፤ ፍርርር ይላል። ከዚያ ያሸቱታል። እኔም ያን ቀን አሸተትሁት። የሚያህለው ሽታ እስካሁን አላገኘሁም፤ ሰው ያልኖረበት አዲስ ቤት ሽታ ይመስላል ልበል? ባለ አንድ ብሩ ላይ ያለውን ወደብ ጣታቸውን ሳያስነኩ አሳዩኝ። እሳቸውም እኔም ባሕር አይተን አናውቅም። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ተጎንብሰን ጥፍር በማታህል ውሃ ላይ መርከብ ስንፈልግ ውጭ የቆመው ሰልፍ አባይ በረሃ ደርሶ ነበር።

ዋናው ጥበባቸው ግን ቁጥሩ ላይ ነው። አዲስ ብር በቁጥሩ ተራ ነው የሚታሰረው፤ በአንድ እስር መቶ። መቶውን ማገላበጥ የጀማሪ ሥራ ነው አሉኝ። የላይኛዋን ታያለህ፣ የታችኛዋን ታያለህ፣ የመሐሉ ጭንቅላትህ ውስጥ ተደርድሮ ይገኛል። የምትፈልጋት ካለች ስንተኛዋ እንደሆነች አስበህ፣ በደረቅ ሰንበሌጥ ጫፍ ከፍተህ እሷን ብቻ ታወጣለህ። በምትኳ ከራስህ ኪስ አንድ ብር ትከታለህ፣ ምስክር ባለበት። ይህን ሳያደርጉ አንዲት ወረቀት ሲያነሡ አይቻቸው አላውቅም።

ለቁጥሮቹም ስም አውጥተውላቸው ነበር። አንድ አኃዝ ስድስት ጊዜ የተደጋገመባት «ማኅበር» ናት። እየጨመረ የሚሄድባት «አቀበት»፣ እየቀነሰ የሚሄድባት «ቁልቁለት»። ከግራም ከቀኝም ቢያነቧት ያው የሆነችው ደግሞ «ደርሶ መልስ» ትባላለች። ወሬው በከተማው ተሰምቶ አንድ ሼህ የቁርአኑን ምዕራፎች ልክ 114 የያዘች ብትገኝ፣ አንድ ቄስ ደግሞ የሠለስቱ ምዕትን 318 የያዘች ብትገኝ እያሉ በአንድ ቀን መጡ። በር ላይ አንዱ ለሌላው እለፉ፣ እርስዎ ይለፉ ሲባባሉ ሰዓቱ ደርሶ መሥሪያ ቤቱ ተዘጋ።

እኔ በዘመኔ ያገኘሁት አንዲት አቀበት ብቻ ነው፤ 234567። ባገኘኋት ቀን ምሳ መብላቴን ረሳሁ። በስስ ወረቀት ሸፍኜ በሁለት ካርቶን መሐል አኖርኋት። የሠርጋችንን ፎቶግራፍ እንዲህ አይተኸው አታውቅም አለች ሚስቴ። እውነቷን ነው፤ ፎቶግራፉ ቁጥር የለውም።

የአቶ ይመር ደርሶ መልስ 612216 ነበረች። በጎረምሳነታቸው ከመጀመሪያ ደመወዛቸው ውስጥ ያገኟት፣ የፊተኛው ዓይነት ባለ አንድ ብር ናት። አባታቸው ቁጥሯን በግራም በቀኝም አንብበው፣ ልጄ እንደዚህች ወጥተህ በሰላም ተመለስ ብለው መርቀው መለሱላቸው፤ በዚያው ክረምትም ሞቱ። ብሯ ከዚያ ወዲህ ሳትታጠፍ ኖረች። አዲሱ ኖት ሲወጣ የፊተኛው ቀስ በቀስ ተሰብስቦ ይመለስ ተባለ፤ አቶ ይመር በዕድሜያቸው አንድ ትእዛዝ ቢጥሱ ያን ብቻ ነው። ምኞታቸው ያቺው ቁጥር በአዲሱ ኖት ላይ በእጃቸው እንድታልፍና ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገው እንዲያዩ ነበር። ሌላ ነገር ሲመኙ አልሰማሁም፤ ጡረታ ሊወጡ ሦስት ወር ሲቀራቸው እንኳ ስለ ጡረታው ሳይሆን ስለሚቀረው ሣጥን ነበር የሚያስቡት። ከዚያ በኋላ ማኅተም የሚፈታው ሌላ ሰው ነውና።

የመጨረሻው ሣጥን ክረምቱ ሳይገባ በአንድ ዓርብ ጠዋት ደረሰ። ያመጣው ሐሰን የሚባል የወግዲ በቅሎ ነጂ ነበር። አዲሱ ሹማችን ግራዝማች አበጋዝ ችኩል ሰው ናቸው፤ ጫማቸውን ሳያስሩ የሚወጡ፣ መልስ ሳይሰሙ የሚሄዱ። አቶ ይመር ለጁምዓ ሶላት ወጥተው ሳለ ክፈተው አሉኝ። ከፈትሁት። ሦስተኛውን እስር አንስቼ የላይኛዋን ቁጥር አየሁ፤ 612201።

የታችኛዋን አየሁ፤ 612300። ሰንበሌጡን አንስቼ አሥራ ስድስተኛዋ ጋ ከፈትሁ። ተኝታለች። በዓለም ላይ ካለው ወረቀት ሁሉ፣ ከስንቱ አገር፣ ከስንቱ ሣጥን፣ ተራራ ወጥታ ሸለቆ ወርዳ፣ ጡረታቸው ሦስት ወር ሲቀረው በእኒህ ሰው በር ላይ መጥታ ተኝታለች። ሰማይ ዝቅ ብሎ በመስኮቱ ያየኝ መሰለኝ።

ያኔ ብሯን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጬ ዝም ብል ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። ግን ዝም የሚል ፍጥረት አይደለሁም። አቶ ይመር አሮጌ ብር መቁጠር ይጠላሉ፤ ቅቤ የጠጣውን፣ ላብ የጠጣውን፣ ጠርዙ የተበላውን ሲቆጥሩ ፊታቸው ሎሚ የመጠጠ ይመስላል። እና በክር ከታሰረ አርባ አሮጌ ብር አንዱን አውጥቼ በአዲሱ እስር ውስጥ ከተትሁ፤ በሱ ቦታ፣ ከአሮጌዎቹ መሐል፣ 612216ን ደበቅኋት። ጠረጴዛቸው ላይ አኖርሁት። ሲመለሱ ይህን እንደገና ቁጠሩት ተብሏል ልላቸው ነበር። ሎሚ እየመጠጡ ሲቆጥሩ፣ ሃያ ላይ ሲደርሱ፣ ፊታቸው ምን እንደሚሆን ብቻዬን ማየት አልፈለግሁም፤ የፖስታ ቤቱን ሰውና የፍርድ ቤቱን ጸሐፊ ልጠራ ሮጥሁ።

ሐሰን የበቅሎ ኪራዩን ሊቀበል የገባው እኔ እንደ ወጣሁ ነው። ግራዝማች አዲሱን ሊሰጡት ሲሉ እምቢ አለ። ያን ጊዜ የገጠሩ ሰው አዲስ ኖት አያምንም፤ ብዙ እጅ ያለፈበት ብር ብዙ ሰው የመሰከረለት ነው፣ አዲሱ ግን ማን እንደሆነ አይታወቅም። ቀለሙ ያልደረቀ ብር ይዤ ወግዲ ገበያ ብቆም ማን ይሸጥልኛል አላቸው። ኪራዩ አርባ ነው። ግራዝማች ዙሪያቸውን ሲያዩ ጠረጴዛ ላይ አርባ አሮጌ ብር በክር ታስሮ አገኙ። ከነክሩ አንስተው ሰጡት።

ሁለት ተመልካች ይዤ ስመለስ የሚታይ ነገር አልነበረም። አቶ ይመር ከመስጊድ ሲገቡ ሦስታችንም እንደ ተቀጣ ተማሪ ቆመናል። ነገርኋቸው። አልተቆጡም። ቢቆጡ በወደድሁ።

«አየሃት?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«አይቻታለሁ፣ ጋሼ።»

«ጠርዟስ?»

«ምላጭ ነው።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ወጥተው እጃቸውን ታጠቡና ተመልሰው የዕለቱን ክፍያ ጀመሩ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ መስኮቱ ላይ የመጣ ሰው ሁሉ እንደ ሁልጊዜው በጥንቃቄ ተከፍሎት ሄደ፤ እኔ ግን ያን ከሰዓት በዕድሜዬ ላይ እንደ ሦስት ዓመት ነው የምቆጥረው።

ሐሰን ኪራዩን እንደ ተቀበለ ወደ አገሩ ሄዷል። ወግዲ ሄደን ብሯን እንለውጣት ብንል ግራዝማች የወሩ ክፍያ ሳያልቅ ፈቃድ የለም አሉ፤ ሦስት ሳምንት ቆየን። በየቀኑ ብሯን አስባት ነበር፤ ዛሬ ታጠፈች፣ ዛሬ ቅቤ ነካት፣ ዛሬ ጨው ተጠቀለለባት እያልሁ። አቶ ይመር ግን ስለ እሷ ትንፍሽ አላሉም። ፈቃድ ባገኘን ቀን የፊተኛዋን ብር ከነካርቶኑ፣ ለመለወጫ አሥር ንጹሕ ብር፣ አዲሷ የምታርፍበት ሌላ ካርቶን ጨምረው ይዘው በቅሏቸው ላይ ወጡ። መንገዱን ሁሉ ደረታቸውን በእጃቸው ደግፈው ነበር የሄዱት።

ሐሰን ሲያየን ደነገጠም ደስም አለው። አህለን አለ፣ መርሐባ አለ፣ ጀንዲ አነጠፈልን። ሚስቱ ኸዲጃ ሕፃን አቅፋ ከጓዳ ብቅ አለች። አቶ ይመር የመጡበትን ሊናገሩ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ሐሰን ቀደማቸው። እርስዎ የአሊም ልጅ ነዎት፣ ይህን ነገር ልንገርዎና ይፍረዱ አለ። ከዚህች በፊት ሦስት ልጆች ወልደው አርባ ቀን የሞላው አልነበረም። ይህችኛዋንም ለዚያ ሣጥን ሲወጣ ታማ ነበር ጥሏት የሄደው።

«ኪራዬን ተቀብዬ ወንዙ ዳር ልቆጥር ተቀመጥሁ፣ ጋሼ» አለ። «እድፍ ነው፣ እድፍ ነው፣ እድፍ ነው። መሐል ላይ ስደርስ አንዲት ብር፤ ወላሂ የሰው እጅ ያልነካት። ከዚያ በኋላ ደግሞ እድፍ ነው እስከ መጨረሻው። አርባ ነው፣ ቆጥሬዋለሁ። ማን እንዲህ ያደርጋል? ያ ረቢ፣ ከነዚያ መሐል አንዲቱን ያተረፍህ ብዬ አለቀስሁ። ቤት ስገባ ልጅቱ ጡት ይዛለች።»

ሼኹ ዘንድ ወስዷት ኖሯል። ሼኹም ሰምተው ሌላ ክታብ አያስፈልግም አሉ፣ በቆዳ ሰፍተው ለልጅቱ አንገት ሰጡ። ኸዲጃ ሕፃኗን ወደ ብርሃኑ ዞር አደረገቻት። ጥቁር የቆዳ ክታብ፣ ከአውራ ጣት የማይበልጥ። አርባ ቀኗ ካለፈ አራት ቀኗ ነበር።

ያን ያደረገው ሰው በዚያ ጀንዲ ላይ ተቀምጦ ነበር። አፌን ከፈትሁ። የአቶ ይመር ተረከዝ በእግሬ ጣቶች ላይ አረፈ፤ እንዲያ ቀጭን ሰው ያን ያህል ክብደት ከየት እንዳመጡ አላውቅም።

ሐሰን ሞኝ አልነበረም። የግምጃ ቤት ሰዎች ወግዲ ድረስ በከንቱ አይመጡም። ዝምታችንን አይቶ ቢላዋውን ከአፎቱ መዘዘ። «የመንግሥት ሆና በስሕተት ደርሳኝ ከሆነ ስፌቱን ልፍታው» አለ። ኸዲጃ መዳፏን ክታቡ ላይ ጫነች።

አቶ ይመር ለረጅም ጊዜ መዳፏን አዩ።

«ስትሰፋ ታጥፋለች?» አሉ።

«አራት ላይ፣ ጋሼ።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሠላሳ ዓመት አንድ ብር ሳያጥፉ የኖሩ ሰው አራት ጊዜ ሲታጠፉ በዓይኔ አየሁ። ሲከፍቱት ግን ፊታቸው ሌላ ነበር፤ ወደቡን ያሳዩኝ ቀን የነበራቸው ፊት ነበር። «አስገባው ያን ቢላዋ» አሉ። «እኛ የመጣነው እንኳን አላህ ማረሽ ልንላት ነው።»

ከዚያ ካርቶናቸውን ከፍተው የፊተኛዋን ብር አወጡ። ወደ ኸዲጃ ቀርበው፣ አስፈቅደው፣ ብሯን ከክታቡ አጠገብ ሕፃኗ ደረት ላይ አስጠጓት፤ ፋቲሓ ቀርተው እስኪጨርሱ ብቻ። ምንድን ናት አለች ኸዲጃ። «እህቷ ናት» አሉ አቶ ይመር፤ መልሰውም ካርቶኑ ውስጥ አኖሯት።

ስንመለስ፣ መንገዱ ሲጋመስ፣ አቶ ይመር ገደሉ አፋፍ ላይ በቅሏቸውን አቆሙ። «ሰውየው ቁጥሯን እንኳ አላነበበም» አሉ፤ «እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ከቁጥሯ ሌላ ያነበብሁት የለም።» ያን ጊዜ ይቅርታ ልጠይቅ ስል በእጃቸው ከለከሉኝ።

«ደምሴ፣ ባላውቅህ ኖሮ ከራማ አለህ፣ ተአምር ትሠራለህ እል ነበር» አሉና የዚያን ዓመቷን ሳቃቸውን እዚያው ሳቋት።

በመስከረም ጡረታ ወጡ። ከሁለት ዓመት በፊት አረፉ። የፊተኛዋ ብር ልጃቸው ዘንድ አለች፤ እስካሁን አልታጠፈችም።

ሐሰን በየጊዜው ይመጣ ነበር። ሁልጊዜ አሮጌ ይጠይቃል፤ አዲሱን ሰው ሁሉ ከለመደው በኋላም አሮጌ ይጠይቃል። ተቀብሎ ጥግ ይሄድና አንድ በአንድ እስከ መጨረሻው ያያል። ምን እንደሚፈልግ እኔ ብቻ አውቃለሁ። አጥቶ ሲሄድም ፊቱ አይከፋም፤ ለእሱ አንድ ጊዜ በቂ ነው።

መስኮቱ ሊዘጋ አንድ ሳምንት ሲቀረው የመጣው ግን ከኸዲጃና ከልጅቱ ጋር ነበር። ልጅቱ ስድስት ዓመት አልፏታል፤ ክታቡ አንገቷ ላይ ነው፣ ቆዳው አርጅቶ ጫፉ ነጥቷል። ኸዲጃ እርጉዝ ናት፤ በነዚያ ዓመታት መሐል ሌላ ወልዳ አላሳደገችም። ሐሰን ኪራዩን ሊቀበል ማክሰኞ እመለሳለሁ አለኝ። አሮጌ እንደሚሻለው አላስታወሰኝም፤ ሚስቱን ብቻ አየት አደረገና ሄደ።

ማክሰኞ ጠዋት ከቤት ስወጣ ካርቶኔን ይዤ ወጣሁ። እጄን ታጠብሁ፣ አደረቅሁ። 234567ን ለመጨረሻ ጊዜ አሸተትኋት፤ ሽታዋ ከጠፋ ቆይቷል፣ እኔ ግን አገኘሁት። ከሐሰን አሮጌ ብሮች አንዱን አውጥቼ ኪሴ ከተትሁ፣ እሷንም በቦታው፣ ልክ መሐል ላይ። ተመልካች አልጠራሁም።

ሐሰን ከነሚስቱና ከነልጁ መጣ፤ ተቀበለኝና ጥጉ ላይ ቆሞ ቆጠረ። መሐል ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ። ኸዲጃን ጠራት። ሁለቱም ጎንበስ ብለው አዩአት፤ ልጅቱ ደግሞ በመሐላቸው አንገቷን አስግጋ አየች። ከዚያ ሐሰን ሁለት ላይ አጠፋት፣ እንደገና አራት ላይ አጠፋት፣ ለኸዲጃ ሰጣት። እጥፋቱ በወገቤ አለፈ።

ወደ መስኮቱ ተመለሰ። ዓይኑ እርጥብ ነበር።

«ደምሴ፣ ምን ዓይነት ብር ነው የሰጠኸኝ?» አለኝ።

«አሮጌ» አልሁትና መስኮቱን ዘጋሁ።